ሽፈራው የዋጣት ቃል

ባለቤቴ ሽፈራው ከመሞቱ በፊት አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ አንሶላ ማጠፍ ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። የአዳማ ነፋስ አቧራውን ሳያመጣብን ከገመዱ ላይ እናንሳው ብዬ ጠራሁት። እሱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ያዝን። አንሶላ ሲታጠፍ አንዱ ወደ ሌላው መራመድ አለበትና ወደ እኔ መጣ፤ ጫፉን አስረከበኝና፣

"ሌዲ" አለኝ።

"ዛሬ ደግሞ ምን ልትለኝ ነው?"

"ሌዲ ማለት ጥንት ሊጥ አቡኪ ማለት ነበር። ሎርድ ደግሞ የዳቦ ዘበኛ። አንቺ ታቦኪያለሽ፣ እኔ እጠብቃለሁ።"

"ይህን ነግረኸኛል።"

"መቼ?"

"ከተጋባን ጀምሮ። ይልቅ ያዝ፣ መሬት ነካ።"

ሳቀና ያዘ። የቀሩትን አንሶላዎች ዝም ብለን አጠፍን። በማግስቱ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ሐኪሙ ልብ ነው አሉን።

ስለ እሱ መጻፍ ከጀመርኩ ቆየሁ። ጥቂት እጽፍና እተወዋለሁ። የሚያስቸግረኝ ሐዘኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ሽፈራው አዳማ ውስጥ በአንድ የጭነት መኪና ጋራዥ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው። እንግሊዝኛን ያገኘው ግን በልጅነቱ፣ ሻሸመኔ አጠገብ ኩየራ ነው። አባቱ እዚያ ባለው የሚሲዮን ግቢ አትክልተኛ ነበሩ። አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ዕቃውን አደለና ለአትክልተኛው ሽፋኑ የረገፈ ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ደረሳቸው። እሳቸው ማንበብ ስለማይችሉ ለልጃቸው ሰጡት። መጽሐፉ የቃልን ትርጉም ብቻ ነግሮ አይተውም፤ ከየት እንደመጣና ድሮ ምን ማለት እንደነበር ጭምር ይናገራል። የመጨረሻዎቹን ፊደላት ግን አይጥ በልቷቸው ነበር። ስንተጫጭ፣ "ዋይፍ የምትለዋ ቃል የት እንደተወለደች አላውቅም። እሷ ያለችበትን ገጽ አይጥ በላብኝ፤ ከአንቺ እማራለሁ" አለኝ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር።

ለእሱ ቃል እንደ ሰው ነው። ልጅነት አለው፣ ከቀዬው ይሰደዳል፣ ይከብራል፣ ይዋረዳል። "ሲሊ" የምትባለው ቃል ዛሬ ጅል ማለት ናት፤ ጥንት ግን የተባረከ ማለት ነበረች። "ምን በድላ ነው እንዲህ የወረደችው?" ይል ነበር፣ መከራ ስለደረሰባት ጎረቤት እንደሚያወራ። "ጎሲፕ" ሐሜት ከመሆኗ በፊት የክርስትና እናት ነበረች። ያላገባችዋን ሴት "ስፒንስተር" ይሏታል፤ ጥንት ግን ጥጥ ፈትላ በእንዝርቷ የምታድር ሴት ማለት ነበር። እናቴ ስትፈትል አጠገቧ ይቀመጥና እንዝርቱ ሲሾር ያያል። አንዳንዱን ይሳሳት ነበር። መጽሐፉ ያልነገረውን ከራሱ የሚሞላም ይመስለኛል።

እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህርት ነበርኩ። ከሥራ ስወጣ ምሳውን ይዤለት ጋራዡ ጎራ እላለሁ። አንድ ቀን መስኮቱ ላይ አንድ ሾፌር ቆሞ የክላች ዲስክ እየጠየቀ ነበር። ሽፈራው ዲስኩን ከመደርደሪያው አውርዶ በእጁ እንደያዘ፣

"ክላች ማለት ጥንት ጣትን አጥፎ መጨበጥ ማለት ነበር" አለው። ጣቶቹንም አጥፎ አሳየው።

"ጋሽ ጥንት፣ እኔ ጅቡቲ ነው የምሄደው፣ ወደ ጥንት አይደለም። ዲስኩን ወዲህ በል።"

"ቸኩለህ የት ልትደርስ? ሞጆ ላይ ሰልፍ ነው።"

"ሰልፉ ላይ ቆሜ አስበዋለሁ። አሁን ስጠኝ።"

ከኋላ የቆሙት ሾፌሮች ሳቁ። ሽፈራውም አብሯቸው ሳቀ፤ ሳቅ መሆኑ እንጂ በማን እንደተሳቀ አያስጨንቀውም። ጋሽ ጥንት የሚለው ስም ከጋራዡ ወጥቶ ሰፈር ደረሰ፣ ከሰፈር ትምህርት ቤት። አንዲት ልጃችንን ምሕረትን "የጥንት ልጅ" ይሏት ጀመር። እሷ ገና አሥር ዓመት ሳይሞላት ከአባቷ ጋር መንገድ መሄድ አቆመች።

እኔም አፍር ነበር። ባሌ ሰካራም ቢሆን የሚያዝኑልኝ ሰዎች ነበሩ፤ ቢማታ ሽማግሌ እጠራ ነበር። ሰው የሚስቅበት ደግ ባል ያላትን ሴት ግን ማንም "አይዞሽ" አይላትም። የዓመቱ መዝጊያ የመምህራን ራት ላይ ርእሰ መምህሯ፣ "አስካለ፣ ናይስ ቀሚስ ነው" አለችኝ። ከእኔ ምስጋና በፊት የሽፈራው ድምፅ ወጣ።

"ናይስ ማለት ጥንት ምንም የማያውቅ ማለት ነበር።"

"ቀሚሱን ነው ወይስ እኔን?" አለች ርእሰ መምህሯ።

"ቃሏን ነው" አላት በደስታ። "በኋላ ግን ተሻሽላለች።"

ከዚያ ማታ ጀምሮ ሰው ፊት ስንቀመጥ እግሬ ከእግሩ አጠገብ ነው የሚሆነው። "ጥንት" ሲል እረግጠዋለሁ። እሱም አፉን እንደከፈተ ያቆምና ወጥ ይጎርሳል። አይቆጣም። ቤት ስንገባም አያነሳብኝም። ያልሰማኋቸው ስንት ቃላት እንዳሉ አላውቅም።

ምሕረት ያመጣችው እጮኛ ቶለሳ ይባላል። የሞጆ ልጅ ነው፣ በአባቱ በአቶ ገመቹ መኪና ላይ ሾፌር። ሽማግሌ ሊልኩ እሑድ ተቀጠረ። ቅዳሜ ማታ ምሕረት ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋችው።

"እማዬ፣ አባዬ እንግሊዝኛውን እንዳይጀምር።"

"ነገ ምን ያስጀምረዋል?"

"ታውቂዋለሽ። እነሱ ከተማውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ጋሽ ጥንትን ይዘሽ ልትድሪኝ ነው? እባክሽ።"

በማግስቱ ከረባቱን እያስተካከልኩለት፣ "ዛሬ ጥንት የሚባል ነገር አልሰማም። ሰዎቹ ፊት አፍህን ያዝልኝ" አልኩት። እሱም "እሺ" አለኝ።

የሚናገርልን ወንድሜ ነበር። ከሻሸመኔ ሲመጣ ቡልቡላ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት ዘገየ። ሽማግሌዎቹ በሰዓታቸው መጡ። አፈ ጉባኤያቸው ሐጂ ይመር የሚባሉ የሞጆ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ወሎ ተወልደው ያደጉ፣ ንግግር የሚያምርባቸው። ተቀመጡ ቢባሉ፣ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ።

"ከጓሯችሁ አንድ ችግኝ አይተናል" አሉ ሐጂ። "ለልጃችን ትሰጡን ዘንድ መጥተናል። ልጁ ልጃችሁ ይሆናል፣ ልጅቱም ልጃችን ትሆናለች። እናንተ የምትሉንን ለመስማት ቆመናል።"

በእኛ ዘንድ የሴት አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፣ እምቢም አይልም። "ከዘመድ ጋር እንመካከር፣ በዚህ ቀን ተመለሱ" ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። ቀጠሮ ካልሰጠ ልጅቱን ከልክሏል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ሽፈራውም ያውቃል።

ሽፈራው ግን ዝም አለ። እኔ ከጓዳ በር ላይ ሆኜ አየዋለሁ። ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው። መጀመሪያ እንዲያውም ኮራሁበት፤ ምን ያለ ግርማ ነው አልኩ። ዝምታው ረዘመ።

"አቶ ሽፈራው፣ ሰምተውናል?" አሉ ሐጂ።

ራሱን ነቀነቀ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው። ወደ ጓዳው በር፣ ወደ እኔ ተመለከተ።

ሐጂ ጥቂት ጠበቁና ኩታቸውን አጣፉ። "እንግዲህ ዝምታም መልስ ነው። አላህ ለሁሉም የሚሻለውን ያምጣ" አሉ። ያዘጋጀነውን ሳይቀምሱ ወጡ።

ምሕረት ከመኝታ ቤት ወጣች። "አባዬ፣ ምን አደረግኩህ?" አለችው። መልስ ሳትጠብቅ ተመልሳ ገባች፤ ልቅሶዋ እስከ ጎረቤት ይሰማ ነበር። እኔ ጓዳ ወስጄ ያዝኩት።

"ምን ነካህ? ቀጠሮ መስጠት ይጠፋሃል?"

"ሐጂ ሲናገሩ ብራይዳል የምትለዋ ቃል መጣችብኝ" አለኝ። ላብ አጥምቆታል። "ጥንት የሙሽራ ጠላ ማለት ነበረች። በሐጂ ፊት እንዴት ጠላ ልጥራ? ደግሞ አንቺ አፍህን ያዝ ብለሽኛል። ዋጥኳት። እሷን ስውጥ አማርኛውም አብሮ ወረደ።"

ያን ቀን ያልኩትን ሁሉ አልጽፈውም። "በቁምህ አዋረድከን" ማለቴን ግን እጽፈዋለሁ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ ወጣ። ጋራዡ ቆጠራ አለው አለኝ። ማታ ተመልሶ ጫማውን እያወለቀ፣ "ለእሑድ ቀጠሮ ሰጥቻለሁ። ይመጣሉ" አለ።

"በስልክ ነው?"

"ተነጋገርን።"

ሌላ አልጠየቅኩም። የምሥራች ሲመጣ ሰው በየት በኩል መጣህ አይለውም። የሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ወንድሜ ተናገረ፣ ነገሩ አለቀ። ምሕረት ተዳረች፤ ሞጆ ገባች፣ ወለደች።

አቶ ገመቹ ቤት ለበዓል ስንጠራ አንድ የማይገባኝ ነገር ነበር። ለሌላው ሰው ክትፎ፣ ጥብስ፣ ጥሬ ሥጋ ይቀርባል። ሽፈራው ፊት የሚቀመጠው ገንፎ ነው፤ አለዚያም በወተት የራሰ ጨጨብሳ። የቶለሳ እናት ወይዘሮ ጫልቱ ራሷ ታመጣለታለች፣ እስኪጨርስም ከአጠገቡ አትነሳም። ሽፈራው ቤቱ ቅልጥም በጥርሱ የሚሰብር ሰው ነው። አንድ ቀን ወደ አዳማ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጠየቅኩት።

"ለምን ሥጋ ስጡኝ አትልም?"

"ሚት ማለት ጥንት የሚበላ ነገር ሁሉ ነበር። ስለዚህ ሥጋ በልቻለሁ።"

ተሳፋሪው ሰምቶት እንደሆነ ዞር ብዬ አየሁ።

ሲሞት አቶ ገመቹ ከቀብሩ ጀምሮ ድንኳኑ ውስጥ አመሹ፣ አደሩም። በሰልስቱ ቀን፣ ለቀስተኛው ስለ ሟች ሲጫወት፣ እሳቸውም ጀመሩ።

"ኦቦ ሽፈራው እኮ የሴት አባት ሆኖ ደጄ የመጣ ሰው ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት በሩን ብከፍት ጉንጩን በሴት ሻሽ አስሮ ቆሟል። እኔ ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ልጄ ሾፌር ስለሆነ ናቀን ብዬ ስቃጠል ነው ያደርኩት። እሱ በታሰረ አፉ፣ 'ኦቦ ገመቹ፣ ጥርሴን ተነቅዬ ነው። እሑድ አፌ አልከፈት ብሎኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለም። ቀጠሮ ልሰጥ መጣሁ' አለኝ።"

"ለብቻው?" አለ አንድ ጎረቤታችን።

"ለብቻው።"

"ያን ጊዜ እኛ ሰፈር ቢሰማ፣ ልጁን ገበያ አወጣት ይባል ነበር።"

"እሱም ያውቃል። እያወቀ መጣ" አሉ አቶ ገመቹ። "ጫልቱ ወዲያው ገንፎ አገነፋችለት። ከዚያ ወዲህ ያ ጥርሱ አልዳነለትም፣ ምስኪን። እስከ መጨረሻው በገንፎ ኖረ።"

ድንኳኑ ሳቀ፤ የፍቅር ሳቅ ነበር። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሻሹ የእኔ ነው፤ የጠፋ መስሎኝ ሳማርር ነበር። ሽፈራው የተቀበረው ጥርሱ አንድ ሳይጎድል ነው።

የሞጆ ሰዎች ስለ እሱ የሚያውቁት ያንን ውሸት ነበር። ያን ጠዋት ጋራዡ ቆጠራ አለው ካለኝ በቀር፣ እሱ ሌላ ውሸት ሲዋሽ ሰምቼው አላውቅም። ሚስቴ ዝም በል ስላለችኝ ነው ቢላቸው፣ ልጄ ስለምታፍርብኝ ነው ቢላቸው ያምኑት ነበር። የእኛን ነውር በሻሽ አስሮ፣ የታመመ ሰው መስሎ ደጅ ቆመ። እኛ ደግሞ በዓመት በዓሉ ገንፎውን ሲበላ እያየነው ሥጋ በላን።

ማታ ምሕረት ጓዳ መጣች። እሷም ሰምታለች።

"እማዬ፣ እንዳትነግሪያቸው።"

"ጥርሱን ታሞ አያውቅም እኮ።"

"አውቃለሁ። አሁን ለሱ ምን ይጠቅመዋል? እነሱ ጥሩ አድርገው ነው የያዙት። እኔ ግን ከእነሱ ጋር ነው የምኖረው። በአባቷ ያፈረች ልትይኝ ነው?"

"አፍረን ነበር።"

"ልጅ ነበርኩ" አለች።

እኔ ልጅ አልነበርኩም። ግን ያን ማታ ዝም አልኩላት።

የአርባው ዕለት፣ ሰው ተበትኖ ዘመድ ብቻ ሲቀር፣ አቶ ገመቹ ለቄሱ ስለ ጥርሱ ሊያወሩ ጀመሩ። ምሕረት ትሪ ይዛ ቆማለች፣ ወይዘሮ ጫልቱ ከባሏ አጠገብ ተቀምጣለች። ላቋርጣቸው አስቤ አልነበረም።

"አቶ ገመቹ፣ ሽፈራው ጥርሱን ታሞ አያውቅም" አልኩ።

"እንዴት?"

"እሑድ ዝም ያለው እኔ አፍህን ያዝ ስላልኩት ነው። የእንግሊዝኛ ቃላት ታሪክ ያወራል። ሰው ይስቅበታል፣ እኛም እናፍር ነበር። እናንተም እንዳትስቁ ብዬ ነው። ጥርሱ ደህና ነበር።"

ምሕረት ትሪውን መሬት ላይ አስቀምጣ ወጣች። አቶ ገመቹ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ሥጋ ከልክለነው ነው?"

ወይዘሮ ጫልቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። "ለፋሲካ እንኳ" አለች። "ለፋሲካ እንኳ ገንፎ ነው የሰጠሁት። 'ትንሽ ልጨምርልህ?' ስለው 'ጨምሪልኝ' ይለኝ ነበር።"

"ያን ቀን ሊል የነበረው ምን ነበር?" አሉ አቶ ገመቹ።

ነገርኳቸው፤ ብራይዳል የሙሽራ ጠላ ማለት እንደነበር። አልሳቁም። "ቢለው ምን ነበረበት?" አሉ። "ሐጂ እንኳ ይስቁ ነበር። እኔም ቃሉን ለሰው እነግረው ነበር።"

ከሸኘኋቸው በኋላ ምሕረትን ደጅ አገኘኋት።

"ማንን አዋረድሽ፣ አባዬን ወይስ እኔን?" አለችኝ።

"ራሴን" አልኳት።

"እኔንም" አለች። ልክ ናት። ለተወሰነ ጊዜ ስልኬን አታነሳም ነበር። ኋላ ግን አንድ ቀን ራሷ ደወለች፣ "እሑድ ነይ፣ ልጆቹ ይጠይቁሻል" አለችኝ። ስለዚያ ነገር ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ጠዋት ጠዋት መነጽሬን አድርጌ የሽፈራውን መዝገበ ቃላት አነባለሁ፤ የአንዲት ቃል ታሪክ እስኪገባኝ ብዙ ጊዜ ሳምንቱ ያልቃል። እሑድ ሞጆ እሄዳለሁ። አቶ ገመቹ ቤት ሰው ሁሉ ለምሳ ሲቀመጥ፣ ያነበብኳትን ቃል ጥንት ምን እንደነበረች እናገራለሁ። እንግዳ ካለ ይስቃል። ምሕረት ሳህኗን ታያለች። እኔም ፊቴ ይግላል፤ ግን እናገራለሁ።